«ለመጥፋት የተቃረበ ላይከን» ምንድን ነው? ሁለት ዘመዳሞች እንይ

የጎፍ ደን ወይም ደንቆሮ ጫካ ገብታችሁ የምታውቁ ከአሮጌ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚንዠረገገውን ግራጫ ነገር አይታችሁታል። የዛፍ ሽበት ነው፤ በሳይንሱ ላይከን ይባላል። ተክል አይደለም፤ ዛፉን ይመጠዋል የሚባለውም እውነት አይደለም። ፈንገስ ከአልጌ ወይም ሳይኖባክቴሪያ ከሚባል ረቂቅ ፍጥረት ጋር ተጣምሮ ሲኖር ነው ላይከን የሚሆነው። የእኩል እርሻ በሉት፤ አንዱ መሬቱን ሌላው በሬውን ያመጣል። ፈንገሱ መጠለያና እርጥበት ያቀርባል፣ ሸሪኩ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል።

አሁን ወደ ዘመዳሞቹ፦ ኤሪዮደርማ ፔዲሴላተም እና ኤሪዮደርማ ሞሊሲመም። ሁለቱም በምሥራቅ ካናዳ፣ ጉም በማይለየው ደን፣ በአብዛኛው ባልሳም ፈር የሚባል ዛፍ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ቅጠል መሰል ናቸው፣ ላያቸውም ጸጉራም ነው።

የሚለያዩት አረባባቸው ላይ ነው። ፔዲሴላተም ቡናማ ቀይ ጥቃቅን ፍሬ መሰል ነገር ያወጣና የፈንገሱን ዘር ብቻ በንፋስ ይበትናል። ያ ዘር አርፎ ትክክለኛውን ሳይኖባክቴሪያ ካላገኘ አለቀለት። ሞሊሲመም ግን ሶሬዲያ የሚባል ዱቄት ያራግፋል፤ በዱቄቱ ውስጥ ፈንገሱም ሸሪኩም አብረው ስላሉ ቦታው ከተስማማ አዲስ ላይከን ለመሆን ፍለጋ አያስፈልገውም። ብልጥ ነው! ብልጠቱ ግን ከመጥረቢያ አያድንም። ደን ሲቆረጥና የተበከለ አየር ከዝናብ ጋር ሲወርድ ሁለቱም ይሞታሉ። ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ደግሞ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን የባልሳም ፈሩን ችግኝ ስለሚበላ አሮጌውን ዛፍ የሚተካ ይጠፋል።

ደረጃቸውስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ፔዲሴላተም በ2003 እ.ኤ.አ. የዝርያዎች የመጥፋት ስጋት በሚመዘገብበት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ «እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሎ ገባ፤ የአቡነ ዮሴፍ ቀይ ቀበሮ ያለበት ያው መዝገብ ማለት ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ይኸው አንድ ዝርያ ሁለት ደረጃ አለው። ኖቫ ስኮሺያ ያለው «ለመጥፋት የተቃረበ» ሲባል፣ በብዛት የሚገኝበት የኒውፋውንድላንዱ ቀለል ባለው «ልዩ ትኩረት የሚሻ» ውስጥ ተመደበ። ኒው ብራንስዊክ የነበረውማ ጠፍቷል።

ሞሊሲመምን የካናዳ ገምጋሚዎች በ2009 እ.ኤ.አ. «ለመጥፋት የተቃረበ» አሉት። ይህ የሚናገረው ስለ ካናዳው ብቻ ነው፤ ዝርያው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ቀዝቃዛ ተራሮች ላይም ይኖራል።