በስልክ ማስጠናት ምንድን ነው?

ትምህርትና ስልክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አፕ፣ ቪዲዮና ዳታ ነው። በስልክ ማስጠናት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነገር ነው። አስጠኚ ይደውላል፣ ልጅ ያነሳል፣ አብረው ሂሳብ ይሠራሉ። በቃ። ባለ ቁልፏ ስልክም ትበቃለች።

በደንብ የተፈተነው ቦትስዋና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ወደ 4,500 የሚጠጉ ቤተሰቦች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን በየሳምንቱ የሂሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ተላከለት። ለሌላው ኤስኤምኤሱ ተልኮ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተደወለለት። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይደረግለት ቆየ። የተደወለላቸው ልጆች በሂሳብ ተሻሻሉ። ኤስኤምኤስ ብቻ የደረሳቸው ግን ምንም ካልደረሳቸው እምብዛም አልተለዩም።

ጥሪው ውስጥ ምን አለ? እንዲህ እናስበው። እናት ታነሳለች፣ ስፒከር ላይ ታደርገውና ልጇን ትጠራለች። «47 ሲደመር 28 ስንት ነው?» ልጁ ትንሽ ያስብና «65» ይላል። አስጠኚዋ «ተሳስተሃል» ብላ አታልፈውም። «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ትለዋለች። ሲያስረዳ፣ በእጅ መያዝ የነበረባት 1 እንደተረሳች ይታወቃል። የሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄም ከዚያው ይነሳል። አምስተኛ ክፍል ነው ተብሎ ማካፈል አይጫንበትም፤ መደመር ላይ ከቆመ ከመደመር ይጀመራል። አጠገቡ ያለችው እናትም የቱ ጋ እንደተያዘ ትሰማለች።

እኛ ጋ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወርክሺት በቴሌግራም ይመጣ ነበር። የእህቴ ልጅ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹን እናቱ፣ ግማሹን እኔ ነን የሠራነው። «ጎበዝ» የሚል መልስ ሲመጣ ማንን እንደሆነ እንጃ።

በኋላ ዘዴው ሕንድ፣ ኬንያ፣ ኔፓል፣ ፊሊፒንስና ኡጋንዳ ውስጥም ተሞክሮ ሠርቷል። ኔፓልና ፊሊፒንስ የመንግሥት መምህራንም ደውለው አስጠንተዋል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ልስጥ ቢል በሳምንት 20 ሰዓት ስልክ ላይ ነው። ብዙ ቤት ደግሞ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ አባት ኪስ ውስጥ ይውላል። እንዲህ ያለ ቤት የሚደወለው ማታ፣ ሰውየው ከሥራ ሲገባ፣ ያውም ባትሪው ካልሞተ ነው።