ቮልስ ፈታትተን ለምንሠራ፦ ስለ ፍሬንና ስለ ቤንዚን ቱቦ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም

ጎንደር አዘዞ፣ አንድ ግቢ ጥግ፣ ከጓደኛዬ ጋር አሮጌ ቮልስ ፈታትተን ክፍት መኪና እየሠራን ነው። ፈረንጆቹ እንዲህ ዓይነቱን መኪና ተበታትኖ በሣጥን ይገዙታል። እኛ ጋ ሣጥን የለም፤ ላሜራ፣ ብየዳና ትዕግሥት ነው ያለን። ሥራው ቱቦ ላይ ሲደርስ ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ።

«ቱቦ የሚበጠሰው ከግፊት ነው፣ ወፍራሙን ግዙ»

አይደለም። የፍሬን ፔዳሉን በሙሉ ኃይልህ ብትረግጠው ቱቦው ውስጥ 100 ባር ገደማ ሊደርስ ይችላል፣ ጤነኛ የብረት ቱቦ ግን ይሄን ይችለዋል። የሚገድለው መፋተግ ነው። ሳይታሰር የተንጠለጠለ ቱቦ በሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ በሄድክ ቁጥር ይርገበገባል፤ ከዚያ ወይ የሻንሲው ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ወይ መጋጠሚያው ላይ ብረቱ ደክሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቢበዛ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ፣ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከዚያም ቀረብ አድርገህ እሰረው። ላሜራ በስቶ በሚያልፍበት ቦታ የጎማ ቀለበት ይግባለት። ከሻንሲው በታች ወጥቶም አይንጠልጠል፣ ድንጋይ ይጠብቀዋል።

«የፕላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል»

ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ገመድ የሚያስሩባትን ነው የሚሉት። እኛም በእሷ ነው የጀመርነው፣ ለምን እዋሻለሁ። ፀሐይና የሞተር ሙቀት ያደርቋትና አንድ ቀን ጠብ ትላለች። ጎማ የለበሰ የቆርቆሮ ማሰሪያ በብሎን ያዝ።

«ሁሉንም ጥፍር አድርገህ እሰር»

ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ወደ ጎማዎቹ የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ መንቀሳቀስ አለበት። መኪናውን በክሪክ አንሳና መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙረህ እይ፤ ጎማው ተንጠልጥሎም፣ ክብደት አርፎበትም። ከተወጠረ አጥሯል፣ ጎማውን ከነካ ረዝሟል፣ ተጠማዝዞ ከገባ ፍታና እንደገና ግጠም።

«የፍሪጅ መዳብ አለ አይደል፣ አይዝግም»

አይዝግም፣ ልክ ነው። ግን ንጹሕ መዳብ በንዝረት ብዛት እየደረቀ ይሄድና ይሰነጠቃል። ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ የፍሬን የብረት ቱቦ ይሁን። ጫፉም ለመጋጠሚያው በሚስማማ ቅርጽ በመሣሪያ ተከፍቶ መታጠፍ አለበት። የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያ ለፍሬን አይሆንም። ዳዶው ላይ ቴፍሎን መጠቅለልም ከንቱ ድካም ነው፣ ምክንያቱም ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን የታጠፈው አፍ ነው።

«ቤንዚን ግፊት የለውም፣ ማንኛውም ላስቲክ ይሠራል»

እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ግፊቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፣ ካርቡራተር ያለው ቮልስ ላይ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ግን ቮልስ ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ቤንዚኑ መኪናውን ከጫፍ ጫፍ ያቋርጣል። ሳልባትዮው ከቱቦው ከፍ ስለሚል ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ላስቲኩ ከወለቀ ቤንዚኑ ራሱ ይወርዳል፣ የሚወርደውም ትኩስ ሞተር አጠገብ ነው። የሞተሩ ቤት ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ እሱ አንዴ ከተያያዘ ውሃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አንድ ሰው ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን ብሩህ ላስቲክ አምጥቶ «ቤንዚኑ ሲሄድ ይታይሃል» አለን። ይታያል! ከዚያ ቤንዚኑ ያደረቀው ላስቲክ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ሹልክ ይላል። ለቤንዚን የተሠራ የጎማ ቱቦ ግዛ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ) ያዝ። ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) እና ከባትሪ ገመድም አርቀው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚን ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይተናል፤ ማርሚታ ጥግ ያለፈ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ ይላል።

«ዘይት ዘይት ነው»

የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች (ዘይቱን የሚይዙትን ላስቲኮች) ያሳብጣል፣ በቃ። የፍሬን ዘይትም ቢሆን ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ፍሬን ምን ያህል እንደሚግል ያውቀዋል።

«ካልፈሰሰ ደህና ነው»

ቆሞ ካልፈሰሰ ምንም ማለት አይደለም። ባለፈው እሁድ ጓደኛዬ ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ ረግጦ ያዘ፣ እኔ ከሥር ተኝቼ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየሁ። ሦስቱ ደረቅ ናቸው። የኋላው ግራ ወዛ አለ፣ የእንባ ያህል። ፈታነው፣ ቆረጥነው፣ አፉን እንደገና ሠራነው፤ እስኪመሽም ፍሬኑን አየር ስናስወጣ ነበር።