ጣውላ አታምጡልኝ

ለገጣፎ ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ የወይራ ግንድ ተደርድሯል። ያየው ሁሉ አናጺ መስዬው ይገባል፤ አልጋ ያዘዘኝም አለ። እርሱን አልቀየመውም። የእኔ ሥራ ግን ቀለም ተቀብቶ መጽሐፍ ላይ የሚታተም ሥዕል እንጨት ላይ መቅረጽ ነው። የሚያናድደኝ "ለመጽሐፋችን ሥዕል ቅረጽልን" እያለ ጣውላ ተሸክሞ የሚመጣው ነው።

"እንጨት ያው እንጨት ነው" ይሉኛል። አይደለም! ጣውላ ግንዱ በቁመቱ ተሰንጥቆ የሚገኝ ነው። ቡሪን የምንለውን ሹል መቅረጫ በቃጫው ላይ አቋርጣችሁ ስትገፉት ቃጫው ይነሣል፣ የምትቀርጹትም የወፍ ላባ ይቦጨቃል። ጣውላ ለቢላና ለመሮ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጥበብ ነው። እኔ የምቀርጸው በጉቶ ገጽ ላይ ነው፤ የዛፉ ቀለበት በሚታይበት። እዚያ ቃጫው ሁሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መቅረጫው ወደፈለገበት ይሄዳል። እንግሊዛዊው ቶማስ ቢዊክ በ1797 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአእዋፍ መጽሐፉን ያስጌጠው በዚሁ ስልት፣ ቦክስዉድ በተባለ ጠንካራ እንጨት ነው። የእንጨቱ ቁመት ከእርሳስ ብረት ከተሠራው የማተሚያ ፊደል ጋር እኩል፣ 23.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሥዕሉና ጽሑፉ አብረው ይታተማሉ። የመዳብ ቅርጽ ግን የራሱን ማተሚያ ይፈልጋል።

ጉቶ ማለቴን ሰምቶ አንድ ወጣት ከሱሉልታ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጉራጅ አመጣልኝ። "ይሰነጠቃል" ብለው ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት ከእምብርቱ እስከ ልጡ ተተርትሮ አገኘነው። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ልጥ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ወይራ ፈልጉ፤ ጫፎቹን ሰም ቀብታችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ እምብርቱን አስወግዱ። ሰፊ ገጽ ካስፈለገ ትናንሽ ቁራጮችን አጣብቁ፤ የቦክስዉድ ግንድ ቀጭን ስለሆነ የጥንቶቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአሸዋ ወረቀት አለስልሱና ጥፍራችሁን አስኪዱበት፤ ከያዛችሁ ገና ነው። ስትቀርጹም አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ አስቀምጡት። መቅረጫው ወደፊት ብቻ ይገፋል፤ የሚዞረው እንጨቱ ነው።

"የተቀረጸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል" የሚሉ አሉ። ተቃራኒው ነው፤ ቀለም የሚይዘው ያልተነካው ገጽ ነው።

"እንጨት ቶሎ ያልቃል።" የቢዊክ ቅርጾች ዛሬም ያትማሉ።

"ሠዓሊው ራሱ ነው የሚቀርጸው።" ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ዶሬ ሥሎ ይሰጥ ነበር፤ ቀራጮቹ ሌሎች ነበሩ።

ጽሑፍ ካለበት ደግሞ በመስተዋት እንደሚታየው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይቀረጻል። ይህን የሚጠይቀኝ የለም እንጂ፣ እኔው ራሴ አንድ ጊዜ ረስቼ "ምዕራፍ" የሚለውን ቀና አድርጌ በመቅረጼ የሦስት ቀን ሥራዬ ቡና አፍልቷል።