ጀርባውን ሳያዩ አይግዙ፦ ስለ ሰራውንድ ሳውንድ ፕሮሰሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳሎኑን ሲኒማ ቤት ለማስመሰል የተነሳ የባሕር ዳር ሰው መጀመሪያ ትልቅ ቴሌቪዥን ይገዛል፤ ቀጥሎ ስፒከር ያማርጣል። ድምፁን ፈትቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በወሬ ነው። ይህ ሳጥን የሰራውንድ ሳውንድ (አድማጩን ከየአቅጣጫው የሚከብ ድምፅ) ፕሮሰሰር ነው። በአብዛኛው ከአምፕሊፋየር ጋር በአንድ አካል ተሠርቶ ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ኤቪ ሪሲቨር ይሉታል (ከዲሹ ሪሲቨር ጋር አይገናኝም)። ከዚህ በታች ያሉት በሱቅም በሰፈርም የሚነገሩ፣ ሰምቼ ዝም ማለት ያቃተኝ ነገሮች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት የዕቃውን ፊት አይቶ ጀርባውን ካለማየት ነው።

«5000 ዋት ነው፤ ግድግዳ ያናውጣል»

ካርቶኑ ላይ በደማቁ ከተጻፈው ቁጥር አጠገብ «ፒኤምፒኦ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ካለች ቁጥሩን ይርሱት። ፒኤምፒኦ አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት የአለካክ ደንብ የለውም፤ የፈለገው የፈለገውን ይጽፋል። ዕቃውን ያዙሩና ከኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገብ የተለጠፈውን ያንብቡ። 220–240 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ይልና የሚወስደውን ኃይል ይነግርዎታል፤ 120 ዋት እንበል። ከሶኬት 120 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ያለማቋረጥ 5000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ከወሰደውም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ስመ ጥር አምራቾችም ቢሆኑ ከዚህ ጨዋታ ፈጽመው የጸዱ አይደሉም። «በቻናል 100 ዋት» የሚለው ቁጥር (ቻናል ወደ አንድ ስፒከር የሚሄደው የድምፅ መስመር ነው) አንድ ቻናል ብቻ እየሠራ፣ በአንድ ኪሎ ሄርዝ ብቻ፣ ድምፁ 10 በመቶ እስኪበላሽ ተገፍቶ የተለካ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው «ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ፣ በ8 ኦም፣ ሁለት ቻናል እየሠራ» የሚለው መስመር ነው። በዚህኛው 80 ዋት የተባለ፣ በመጀመሪያው 150 ዋት ከተባለ ሊበልጥ ይችላል።

በዚያ ላይ ጆሯችን ዋት አይቆጥርም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ የስፒከርዎን ሴንሲቲቪቲ ይመልከቱ፦ 85 ዴሲቤል የሚለውን ትቶ 88 የሚለውን መግዛት የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። 88 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ 88 ዴሲቤል ያሰማል፤ ይህ ለጎረቤት ቅሬታ ይበቃል።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አይታማም»

ዕቃው አይታማ ይሆናል፤ ሶኬቱ ግን የእኛ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው፤ እኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሰው ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ኤቪ ሪሲቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው 120ን ብቻ ነው፤ ለጃፓን የተሠራው ደግሞ 100ን። እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ዕድለኛ ከሆኑ ፊውዙ ብቻ ይሄዳል፤ ካልሆኑ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። የሶኬቱን ጥርስ የሚቀይረው ትንሹ አዳፕተር ቮልቴጅ አይቀይርም። ይህን ዐረፍተ ነገር ዘመድ ከውጭ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ቢያነቡለት ጥሩ ነው።

ዕቃው ቀድሞ ከመጣ መፍትሔው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ጀርባው ላይ 500 ዋት የሚል ከሆነ እጥፍ አቅም ያለውን፣ ማለትም የ1000ውን ይውሰዱ፤ ልክ በልኩ የተገዛ ይግላል፣ ያጉረመርማልም። ገና የሚላክልዎ ከሆነ ግን ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ይምጣ፤ እዚያ ያለው መብራት ከእኛው ጋር ይስማማል።

ሌላው ጣጣ የመብራቱ መዋዠቅ ነው። ጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1964፣ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ደግሞ በ2010 ከዚህችው ከጣና ሐይቅ ውኃ መብራት ማመንጨት ጀምረዋል፤ እኛ ግን አሁንም ፊልም መሐል ሻማ እንፈልጋለን። መብራት ሲሄድ ከሚያደርሰው ጉዳት ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርሰው ይብሳል፤ ቮልቴጁ እስኪረጋ ከፍና ዝቅ ይላል። ስታብላይዘር ሲገዙ ቆይቶ የሚለቅ፣ ማለትም መብራት ከመጣ በኋላ ደቂቃዎች የሚጠብቅ ይሁን። ነፃው መፍትሔ ደግሞ መብራት እንደሄደ መንቀል ነው። ለመብረቅ ግን ስታብላይዘር አይበቃም። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ፤ ከጣሪያ በዲሹ ገመድ የገባ ኃይል በኤችዲኤምአይ በኩል ፕሮሰሰሩ ድረስ ይዘልቃል።

«ቻናሉ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

የሚያዩትን ነገር ይቁጠሩ። በዲሽ የምናያቸው የአገር ቤት ጣቢያዎች በአብዛኛው በስቴሪዮ ያስተላልፋሉ፤ ዩቲዩብ ላይ ያለው ድራማና ሙዚቃም እንዲሁ። ፕሮሰሰሩ ስቴሪዮውን ዶልቢ ሰራውንድ ወይም ዲቲኤስ ኒውራል ኤክስ በሚባል ዘዴ ዘርግቶ ወደ አምስትና ሰባት ስፒከር ያከፋፍለዋል። የሚያደርገው ግምት ነው፤ ግን ጥሩ ግምት ነው፣ በተለይ የሰዎችን ንግግር ለይቶ መሐል ወዳለው ስፒከር ሲያመጣው።

ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀበት ሳሎን ውስጥ 7.1 (ሰባት ስፒከርና አንድ ቤዝ) መግዛት ትርፉ ሁለት ቦታ የሌላቸው ስፒከሮች ነው። ሽምብጥም ይሁን ፋሲሎ ሰፈር፣ እኔ የገባሁባቸው ቤቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ለእነዚህ በደንብ የተቀመጠ 5.1 ይበቃል፤ የተረፈውን ብር መካከለኛው ስፒከር ላይ ያውሉት። ፊልም ውስጥ የሚነገረው ነገር አብዛኛው የሚወጣው በእሱ ነው፤ «ሙዚቃው ይጮኻል፣ ንግግሩ አይሰማም» የሚለው የቤተሰብ እሮሮም መነሻው ብዙውን ጊዜ እሱው ነው። «7.2» ላይ ያለው 2 ሁለት ቤዝ ማለት ቢሆንም ብዙ ዕቃዎች ለሁለቱም ያንኑ አንድ ድምፅ ነው የሚልኩት።

«አትሞስ የሚል ካለው ድምፅ ከላይ ይመጣል»

ዶልቢ አትሞስ (ድምፅን ከላይም ጭምር የሚያሰማ ዘዴ) ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ2012፣ መኖሪያ ቤት በ2014 ነው። ፕሮሰሰሩ ቢያነበውም ከላይ የሚያሰማው ስፒከር ከሌለ ምልክቱ ጌጥ ነው። ኮርኒስ ላይ ስፒከር መስቀል ያልፈለገ ወደ ላይ የሚተኩስ ዓይነት ይገዛል። እሱ የሚሠራው ድምፁን ኮርኒሱ ላይ አንጥሮ ስለሆነ ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋል፤ ዶልቢ ከፍታው ከ2.3 እስከ 3.6 ሜትር ገደማ ቢሆን ይመክራል። ቺፑድ ካለዎት ይሞክሩት። ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ድምፁ ወደ ጓዳ ሊሄድ ይችላል። በሐምሌ ደግሞ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ያለ ፕሮሰሰርም በነፃ ይገኛል።

«ኦፕቲካል ዲጂታል ስለሆነ ሁሉን ያሳልፋል»

አያሳልፍም። የኦፕቲካል ገመድ ስቴሪዮ ወይም የታመቀ የዶልቢ ዲጂታልና የዲቲኤስ 5.1 ይሸከማል፤ ብሉሬይ ላይ ያሉትን ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ዶልቢ ትሩኤችዲና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ አይችልም። በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚመለሰው «አርክ» እንደ ኔትፍሊክስ ካሉት የሚመጣውን አትሞስ ያሳልፋል፣ እሱ በዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ታምቆ ስለሚላክ፤ እነዚያ የብሉሬይ ዓይነቶች ግን ከአቅሙ በላይ ናቸው። ሁሉን የሚያሳልፈው «ኢአርክ» ነው፤ እሱም ቴሌቪዥኑም ፕሮሰሰሩም ላይ መኖር አለበት። የሁለቱንም ጀርባ፣ ቀዳዳው አጠገብ የተጻፈውን ይዩ። ማጫወቻዎ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚሰካ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስጨንቅዎትም። በወርቅ የተለበጠ ውድ የኤችዲኤምአይ ገመድም እንዲሁ፤ ለሁለት ሜትር ርካሹ ከሠራ ሠራ ነው፣ ድምፁ አይለይም።

«ያገለገለ ኤቪ ሪሲቨር ብር ማባከን ነው»

ሻጮች ይህን ይወዱታል። አሮጌ ሪሲቨር ፎርኬ (4K) ምስል ማሳለፍ ላይችል ይችላል፤ ግን ምስሉ በእሱ በኩል ማለፍ የለበትም። ማጫወቻውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ድምፁን ብቻ በአርክ ወይም በኦፕቲካል ያምጡለት። ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይ ያለው ያገለገለ 5.1፣ በዚያው ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ፕላስቲክ ይሻላል ባይ ነኝ። ሲገዙ እያንዳንዱን ቻናልና እያንዳንዱን ቀዳዳ በየተራ ያስሞክሩ፣ ግማሽ ሰዓት አስጩኸው ይጠብቁ፤ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ እዚያው ይጠፋል። የሳሎኑን ድምፅ የሚለካበት ማይክም አብሮት መኖሩን ይጠይቁ።

«ማስተካከያ ሲስተም ስላለው ቤቱ ችግር የለውም»

ኦዲሲ፣ ዲራክ፣ ያማሃ የሚጠቀምበት ዋይፓኦ፣ ሁሉም በማይክ እየለኩ የስፒከሮቹን ርቀት፣ መጠንና የድምፅ ቃና ያስተካክላሉ። ሥራቸውን አልንቅም፤ ሁለት ፕሮሰሰር አማርጡኝ ብባል ከዋት በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው። ግን ሴራሚክ ወለል፣ የተለሰነ ብሎኬትና ሰፊ መስተዋት ያለው ሳሎን የሚፈጥረውን ማስተጋባት አያጠፉም። መሐል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ፦ ድምፁ «ዚንንን» እያለ ከቆየ ከፕሮሰሰር በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይግዙ። ሲለኩ ማይኩን ሶፋ ላይ ሳይሆን በጆሮ ቁመት ማቆሚያ ላይ ያድርጉት፣ ቬንትሌተሩን ያጥፉ። ሲጨርሱ ትንንሾቹን ስፒከሮች «ላርጅ» ብሎ ከመደባቸው ወደ «ስሞል» ይመልሱና መቁረጫውን (ክሮስኦቨር የሚለውን) 80 ሄርዝ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ በታች ያለውን ቤዙ ይሸከም።

«ቡፌ ውስጥ ቢቀመጥ ያምራል»

ያምራል፣ ግን ይታፈናል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። በሚያዝያ ሙቀት የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ያለ ሪሲቨር ራሱን ለማዳን ፊልሙ መሐል ላይ ይጠፋል፤ ባለቤቱም መብራት የሄደ ይመስለዋል። ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይተዉ፣ የቡፌውን ጀርባ ያስከፍቱ፣ ላዩ ላይ የዲሹን ሪሲቨርም ዳንቴልም አይደርቡበት።