«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ግን ምን ማለት ነው?

ፖለቲካ በተነሳ ቁጥር ይቺ ተረት ሳትጠራ አትቀርም። ፓርቲ ስሙን ሲቀይር፣ አንዱ የፓርላማ አባል ከዚህኛው ወደዛኛው ሲዘል፣ ወይ አንዱ ወርዶ ሌላው ሲወጣ፣ የሆነ ሰው እጁን ያወናጭፍና «ኧረ ተወው፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል፣ ወሬውም እዛው ያልቃል። እኔን ግን አጠቃቀሙ ትንሽ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ተረቱ የሚለው ሌላ፣ ሰው የሚሰማው ሌላ።

መጀመሪያ ቃሉ። ጉልቻ ድስት የሚጣድባቸው ሶስቱ ድንጋዮች ናቸው፣ እሳቱ መሀል ላይ ይነዳል። ሶስት የሆኑት በከንቱ አይደለም፣ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም በሶስት ላይ የተቀመጠ ነገር አይንገዳገድም፣ አራት ብታደርጋቸው አንዱ ሁሌ ስራ ፈት ነው። ትዳር መያዝን ራሱ «ሶስት ጉልቻ መመሥረት» የምንለው ከዚሁ ተነስተን ነው። ድንጋዩ ጥላሸት ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ይሸረፋል፣ ወጡ ውስጥ ግን አይገባም። እንግዲህ ሽንኩርቱን በደንብ ሳያቁላላ ወጡ አልጥም ያለው ሰው ተነስቶ ድንጋይ ቢቀያይር ምን ይፈይድለታል? መነሻዋ ይቺው የጓዳ እውነት ናት። አንዳንዱ «ቢቀያየር» ይላል፣ ያው ነው።

ልብ በሉ፣ ተረቱ ስለ ድንጋዩ ነው የሚያወራው። ወጥ ሰሪው ቢቀየር አይጣፍጥም አላለም!

ወደ ፖለቲካው ስናመጣው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) እንደ ሜክሲኮ ልክክ የሚልለት ያለ አይመስለኝም። በ1929 የተመሠረተው ገዢ ፓርቲ በ1938 ስሙን ቀየረ፣ በ1946 ደግሞ ቀየረና «ተቋማዊ አብዮታዊ ፓርቲ» ተባለ፣ አብዮት እንዴት ተቋም እንደሚሆን እነሱ ይወቁት። ፕሬዚዳንት በየ6 ዓመቱ ይወርዳል፣ ድጋሚ መወዳደር ክልክል ነው፣ ስለዚህ ከሩቅ ለሚያየው ሁሌ አዲስ ፊት አለ፣ ግን ተተኪውን የሚመርጠው ያው ወራጁ ፕሬዚዳንት ነበር፣ ሕዝቡም «ዴዳሶ» ይለዋል፣ በጣት መጠቆም እንደማለት። እንዲህ እያሉ ሶስት ስም፣ ስንትና ስንት ፕሬዚዳንት አሳልፈው እስከ 2000 ሄዱ። ጉልቻው ተለዋወጠ፣ ማንኪያው ግን ከአንድ እጅ አልወጣም።

ሌላኛው አይነት ደግሞ ሰውየው ራሱ ሲዘል ነው። እዚህ ጋ እኛም ሌላ አባባል አለን፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል»። ሕንዶችም የራሳቸውን ፈጥረዋል። በ1967 ሀሪያና በምትባለው ግዛታቸው ውስጥ ጋያ ላል የሚባል በግል ተወዳድሮ ያሸነፈ የምክር ቤት አባል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሶስት ጊዜ ፓርቲ ቀየረ፣ አንዱን ዝላይማ በ9 ሰዓት ልዩነት ነው አሉ። «ጋያ» በሂንዲ ሄደ ማለት ነው፣ «አያ» ደግሞ መጣ፣ ስሙም ለጨዋታ ተመቸና «አያ ራም ጋያ ራም» (ራም መጣ፣ ራም ሄደ) የሚል ተረት ወጣ፣ እስከዛሬ የሚዘል ፖለቲከኛ ሁሉ በሱ ይጠራል። በ1985 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ፓርቲውን የከዳ መቀመጫውን ያጣል አሉ። ግን ቀዳዳ ተዉለት፣ ከፓርቲው የምክር ቤት አባላት አንድ ሶስተኛው አብሮ ከወጣ እንደ መከፋፈል ይቆጠርና ማንም አይነካቸውም። በ2003 ይሄንን ዘጉት፣ ሁለት ሶስተኛው ተስማምቶ ከሌላ ፓርቲ ጋር ሲዋሃድ ግን አሁንም ይቻላል። ብቻህን ከሄድክ ከዳተኛ ነህ፣ ጠቅልላችሁ ከሄዳችሁ ውህደት ነው፣ አያስቅም?

አሁን የኔ ነጥብ። ሰው ተረቱን የሚያመጣት «ሁሉም አንድ ናቸው፣ መምረጥም ዋጋ የለውም» ለማለት ነው። እኔ ደግሞ የምለው፣ ጉልቻው በየምርጫው መለዋወጡ ራሱ ነው ወጡን የሚያበላሸው። ኬንያን እዩ፣ ከ2002 እስከ 2022 በተደረጉት 5 ምርጫዎች ያሸነፉት ፕሬዚዳንቶች የያዙት 5 የተለያየ ፓርቲ ነው፣ ናርክ፣ ፒኤንዩ፣ ቲኤንኤ፣ ጁብሊ፣ ዩዲኤ፣ ሰዎቹን ብታይ ግን ሶስት ናቸው፣ ሶስተኛውም ከዛ በፊት የሁለተኛው ምክትል የነበረ ነው። ታዲያ መራጩ ባለፈው ቃል የገባልኝን ፓርቲ ልቅጣው ቢል ማንን ይቅጣ? ፓርቲው እኮ የለም! በድምፅህ ልታባርረው የምትችለው በሚቀጥለው ምርጫ በዛው ስሙ መጥቶ ፊትህ የሚቆመውን ነው፣ ሎጎውን ቀይሮ የመጣው ዕዳውን ሁሉ ለሞተው ፓርቲ አሸክሞ «እኔ አዲስ ነኝ» ይልሃል።

ስም የቀየረ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት ግን አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ፍርድ ቤት በ2020 አንዱን ፓርቲ አፈረሰ፣ የቀሩት አባላት በሌላ ስም ተደራጅተው በ2023 ምርጫ አንደኛ ወጡ፣ በ2024 እሱንም አፈረሰው፣ እነሱም በሶስተኛ ስም ቀጠሉ። ድንጋዩን እየመታ የሚጥልብህ ሌላ ሰው ሲሆን አዲስ ድንጋይ ፈልገህ ከመጣድ ውጪ ምን ታደርጋለህ።

ጉልቻው ሳይለዋወጥ ሲቀር መራጩ እንዴት እንደሚቀጣ ለማየት ደግሞ ጋናን ተመልከቱ። ከ1992 ጀምሮ ስልጣን ላይ የሚፈራረቁት ሁለቱ ፓርቲዎች ናቸው፣ ኤንዲሲና ኤንፒፒ፣ ስም የለ ቀለም የለ ምንም አልቀየሩም፣ ሕገ መንግሥቱም የምክር ቤት አባል ፓርቲውን ጥሎ ከሄደ ወንበሩን ትቶ ይሂድ ይላል። ገዢው በ2000 ወረደ፣ በ2008 ወረደ፣ በ2016 ወረደ፣ በ2024 ዲሴምበር ላይ ደግሞ የኤንዲሲው ማሃማ፣ ያው በ2016 ራሱ መራጩ ያባረረው ሰውዬ ማለት ነው፣ በዛው በድሮ ፓርቲው ተመልሶ አሸነፈ፣ የገዢው ፓርቲ ተወዳዳሪም ይፋዊ ውጤት ሳይነገር በማግስቱ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው።