የአዲስ ምግብ ፍርሃት ምንድን ነው?

ልጁ ሳህኑ ላይ የማያውቀውን አትክልት ሲያይ አፉን ግጥም ያደርጋል። ገና ሳይቀምስ «አልወድም!» ይላል። እኛም «ቀብጦ ነው» ብለን እንቆጣለን። ባለሙያዎች ግን ለዚህ ነገር ስም አላቸው፦ ፉድ ኒዮፎቢያ። ኒዮፎቢያ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ አዲስ ነገርን መፍራት ማለት ነው።

ምግብ ከመምረጥ ይለያል። መራጭ ልጅ የሚያውቀውን ምግብም ይገፋል። ይኼኛው ልጅ የሚሸሸው ያላወቀውን ነው።

ፍርሃቱ ሁለት ዓመት አካባቢ ይጀምርና እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ይበረታል። ልክ ኬጂ የሚውሉበት ዕድሜ ነው። ምክንያቱን ተመራማሪዎች ሲገምቱ እንዲህ ይላሉ፦ ሕፃን በእግሩ መሄድ ሲጀምር ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በጥንት ጊዜ ያ ነገር መርዛማ ቅጠል ሊሆን ይችል ነበር። የማያውቀውን የሚጠረጥር ልጅ ተረፈ። በዚያ ላይ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ጣፋጭ ይወዳል፣ መራራ ይሸሻል። ሙዝ ቶሎ ተወዶ ጎመን የሚዘገየው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ መላመድ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊያን በርች ከባልደረባዋ ጋር በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ የሁለት ዓመት ልጆች የማያውቋቸውን አይብና ፍራፍሬ ደጋግመው ቀመሱ። አንዱን 2 ጊዜ ብቻ፣ ሌላውን እስከ 20 ጊዜ። ብዙ ጊዜ የቀመሱትን ይበልጥ ወደዱት። እኛ ግን ሁለቴ ሞክረን «እሱ አትክልት አይበላም» ብለን እንዘጋዋለን! በኋላ ደግሞ በርች ማየት ብቻ እንደማይበቃ አሳየች። ጣዕሙን ለመውደድ መቅመስ ግድ ነው።

ታዲያ ሳያስገድዱ እንዴት ይቀመሳል? ክፍል ውስጥ አብሮ ማብሰል የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። እጅ ከአፍ ቀድሞ ይላመዳል።

እኔ ኬጂ አስተምራለሁ፤ ለመጀመር ቀይ ሥርን የሚያህል አላገኘሁም። ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ አመጣለሁ። ልጆቹ እጃቸውን ይታጠባሉ። አንዳንድ ለእያንዳንዳቸው እሰጣለሁ። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ልጣጩ ሸርተት ብሎ ይወጣል፤ ቢላዋ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ከዚያ መዳፋቸውን ያዩታል። «ሚስ፣ ደም!» ብላ አንዷ ጮኸች። ሁሉም እጁን እያነሳ ማሳየት ጀመረ። ያሸቱታል፣ «አፈር አፈር ይላል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከተቀቀለ ድንች ጋር በሹካ ያደቁታል፣ ሎሚ ይጨምቁበታል። ካሮት ከሆነ ግን ይፈቀፈቃል፤ ጥሬ ቁራጭ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል።

ከሁሉም የከበደኝ አፌን መያዝ ነው። ያደግነው በጉርሻ ነው። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የፈራ ልጅ ሲጎርስ የሚያስታውሰው ጭንቀቱን ነው። «ይኼን ከበላህ ከረሜላ» ማለትም አይበጅም። ከረሜላው ይበልጥ ይወደዳል፣ አትክልቱ ደግሞ ቅጣት ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን «ሁሉም ይቅመስ!» ብዬ አንድ ልጅ አስለቅሻለሁ። አሁን መንካትም፣ ማሽተትም፣ በምላስ ነካ አድርጎ መተውም ይፈቀዳል። የሚተፋበት ሶፍት አጠገቡ አለ።

ያ ያስለቀስኩት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ አየ። ከዚያ ሎሚ ብቻ ጨመቀ። ከዚያ ላጠ። በአራተኛው ጊዜ ቀይ ጣቱን ላሰና ዞር ብሎ አየኝ። ዝም አልኩ። ሌላ ቁራጭ አነሳ።