ፒተር-ሚካኤል ኮልበ፦ «ሁሌ ሁለተኛ» የተባለው ቀዛፊ እና እውነታው

የጀልባ ቀዘፋ በእኛ ዘንድ ብዙ ተከታይ የለውም። ስለዚህ ፒተር-ሚካኤል ኮልበ የሚለው ስም ለብዙ አንባቢ አዲስ ቢሆን አይገርምም። ሌላም ምክንያት አለ። ይህ ምዕራብ ጀርመናዊ ኦሊምፒክ ላይ የቀዘፈው በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያ በሦስቱም አልተሳተፈችም። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ሲያመጣልን ደግሞ የኮልበ አገር ከውድድሩ ቀርታ ነበር። ተላልፈናል።

ኮልበ በ1953 ሃምቡርግ ተወለደ። የሚወዳደረው በነጠላ ጀልባ ነበር። አንድ ሰው፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ 2,000 ሜትር ውኃ። በ2023 በ70 ዓመቱ አረፈ። ስሙ በተነሳ ቁጥር አብረው የሚነሱ ወሬዎች አሉ። ግማሽ እውነት የሆኑ አሉ፤ ጭራሽ የተሳሳቱም አሉ።

«ሁሌ ሁለተኛ የሚወጣ ሰው ነበር»

ይህ የመጣው ከሦስቱ የኦሊምፒክ ብር ሜዳሊያዎች ነው። ሞንትሪያል ብር፣ ሎስ አንጀለስ ብር፣ ሴኡል ብር። ሜዳሊያውን ብቻ ላየ ሰው «ዕድለ ቢስ» ማለት ይቀላል።

ግን የዓለም ሻምፒዮናውን እንይ። ኮልበ በ1975፣ በ1978፣ በ1981፣ በ1983 እና በ1986 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አምስት ጊዜ! በዚያን ጊዜ ኦሊምፒክ ባለበት ዓመት በነጠላ ጀልባ የዓለም ሻምፒዮና አይካሄድም ነበር። ስለዚህ ከ1975 እስከ 1986 የተደረጉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከዘጠኙ አምስቱን የወሰደ ሰው ነው እንግዲህ «ሁሌ ሁለተኛ» የሚባለው። በኦሊምፒክ ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ፐርቲ ካርፒነን እንኳ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሁለት ጊዜ ነው።

«ሦስቱንም ብር ያገኘው በካርፒነን ተሸንፎ ነው»

ቁጥሩ ስለሚገጥም ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ካርፒነን ሦስት ወርቅ፣ ኮልበ ሦስት ብር። ዓመቶቹ ግን አይገጥሙም። ካርፒነን ያሸነፈው በ1976፣ በ1980 እና በ1984 ነው። በ1980 ከጎኑ ኮልበ አልነበረም፤ ብሩን የወሰደው የሶቪየቱ ቫሲል ያኩሻ ነው። በ1988 ደግሞ ኮልበን የቀደመው የምሥራቅ ጀርመኑ ወጣት ቶማስ ላንገ ነው።

ስለ 1980 «ቢሄድ ኖሮ ያሸንፍ ነበር» የሚሉም አሉ። ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ዕድሜው ነው። በወቅቱ ጀማሪ ወይም ዘመኑን የጨረሰ ሳይሆን፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የ26 ዓመት ሰው ነበር። ምሩፅ በ1976 ሞንትሪያል ደርሶ ሳይሮጥ የቀረበትን ቁጭት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«በሞንትሪያል ዶፒንግ ተጠቅሟል»

ይህኛው ጠንከር ያለ ክስ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከ1976ቱ ፍጻሜ በፊት ኮልበ መርፌ ተወግቷል። እውነት ነው። ቤሮላዘ እና ቲዮክታሲድ የሚባሉ የሁለት መድኃኒቶች ድብልቅ ነበር። ሌሎች የምዕራብ ጀርመን ስፖርተኞችም ሞንትሪያል ላይ ይህንኑ ተወግተዋል። ድብልቁ ግን በጊዜው በተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሕግ አልጣሰም።

ውድድሩስ እንዴት ነበር? ኮልበ ከመነሻው ጀምሮ መራ። ወርቁ የሱ ይመስል ነበር። መድረሻው ሲቃረብ ጉልበቱ ከዳው። ካርፒነን ደግሞ እኛ ምሩፅን «ማርሽ ቀያሪው» እንደምንለው ዓይነት ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ማርሽ ቀየረና አለፈው። 7 ደቂቃ ከ29.03 ሰከንድ በ7 ደቂቃ ከ31.67። ቀዛፊ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ነው የሚሄድ። መሪው የሚያየው የሚከተሉትን ነው። ኮልበ ካርፒነን ሲመጣበት ፊት ለፊት እያየው ነበር ማለት ነው።

ኮልበ በኋላ አቅም ያሳጣኝ መርፌው ነው ብሏል። የካርፒነን ብርታት ግን መረሳት የለበትም፤ ያለ ምክንያት ሦስት ወርቅ አይገኝም። ለእኔ ትልቁ በደል ስሙ ነው። ጀርመኖች ያንን ድብልቅ እስከ ዛሬ «የኮልበ መርፌ» ይሉታል። የወጉት ሐኪሞች ስም ተረስቶ የተወጋው ልጅ ስም ቀረ። ያን ጊዜ 23 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሕጉ አልከለከለም ማለት ነገሩ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ወጣትን ለሜዳሊያ ብሎ መውጋት ያኔም ስህተት ነበር። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ለወጊዎቹ ነው።

«ቀዘፋ የክንድ ጉልበት ነው»

አይደለም። ዋናው ኃይል ከእግር ይመጣል። መቀመጫው ከሥሩ ጎማ አለው፤ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ቀዛፊው በእግሩ ገፍቶ ሰውነቱን ይዘረጋል፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ይጨርሰዋል። ይህን መያዝ ለሚቀጥለው ይጠቅመናል።

«ያሸነፈው እሱ ሳይሆን ጀልባው ነው»

በ1981 የሙኒክ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ኮልበ የተለየ ጀልባ ይዞ ቀረበ። መቀመጫው አይንቀሳቀስም። የሚንሸራተተው የእግር መርገጫውና መቅዘፊያው የተያያዘበት ብረት ነው። በተለመደው ጀልባ የቀዛፊው ሙሉ ክብደት ወዲያ ወዲህ ሲል ጀልባው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይያዛል። በአዲሱ ግን ከባዱ ሰውነት ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ፍጥነቱም የረጋ ይሆናል። ኮልበ አሸነፈ።

ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ነበረው። ግን በ1983 ዱይስቡርግ ላይ ለነጠላ ጀልባ ፍጻሜ የደረሱት ስድስቱም ያንኑ ዓይነት ጀልባ ይዘው ነበር። አሁንም ያሸነፈው ኮልበ ነው። ከዚያ የዓለም አቀፉ ቀዘፋ ፌዴሬሽን ጀልባውን ከለከለ። የሁሉንም አገር ጀልባ መቀየር ወጪው ከባድ ስለነበር ነው እንጂ ማጭበርበር ነው ተብሎ አይደለም።

ክልከላው ከመጣ በኋላስ? በ1986 የዓለም ሻምፒዮናው ኖቲንግሃም ነበር። ኮልበ የመጀመሪያ ዋንጫውን በ1975 ያነሳውም እዚያው ውኃ ላይ ነው። አሁን 33 ዓመቱ ነው። መቀመጫው እንደ ድሮው የሚንሸራተት ጀልባ ውስጥ ገባ። አምስተኛውን ይዞ ወጣ።